ፒኤችፒን ከመጽሐፍ ስትማሩ ኮዱ እምቢ ካለ፦ ችግርና መፍትሄ

ፒኤችፒን (ድረ ገጽ የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ) በመጽሐፍ የጀመረ ሰው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተስፋ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መጽሐፉ ሌላ ዘመን ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ዘመን ላይ ነው። በተለይ እኛ ጋ መጽሐፉ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፒዲኤፍ ስለሚሆን መቼ እንደታተመ ልብ የሚል የለም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጣችሁ ዓመቱን እዩ። ፒኤችፒ 7 የወጣው በታኅሣሥ ወር 2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ 8 ደግሞ በ2020 መጨረሻ። ከ2015 በፊት የታተመ መጽሐፍ የሚያወራው ስለ 5 ወይም ከዚያ በታች ስላለው ነው። ሽፋኑ ላይ «ፒኤችፒ 6» የሚል ካያችሁም አትደነቁ። 6 ሳይወጣ ነው የቀረው፤ ይወጣል ተብሎ ቀድመው የታተሙ መጻሕፍት ግን አሉ።

ውጤቱ ሳይሆን ኮዱ ራሱ ይታያል፣ ወይም ገጹ ባዶ ነው

ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ከፍታችሁት ይሆናል። ብራውዘር ፒኤችፒ አያውቅም፤ ኮዱን አስፈጽሞ ውጤቱን የሚልክለት ሰርቨሩ ነው። የአድራሻ መጻፊያው ላይ «ፋይል» በሚል ቃል የሚጀምር አድራሻ ካለ ሰርቨሩ ጋ ጭራሽ አልደረሳችሁም። ፋይሉን ዛምፕ (ሰርቨርን ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም) ውስጥ ወዳለው ኤችቲዶክስ ፎልደር ውሰዱት፣ አፓቼን፣ ማለትም ሰርቨሩን፣ አስነሱ፣ ከዚያ በሎካልሆስት (የራሳችሁ ኮምፒውተር) አድራሻ ክፈቱት።

እንደዚያም ሆኖ እምቢ ካለ የፋይሉን ስም ተመልከቱ። ዊንዶውስ የስሙን መጨረሻ ስለሚደብቅ በኖትፓድ ያስቀመጣችሁት ፋይል ከፒኤችፒ ቀጥሎ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። የድሮ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ኮዱን በ <? ብቻ ጀምሮት ይሆናል። አሁን ይህ አጭር መክፈቻ በአብዛኛው ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ፒኤችፒ የሚለውን ቃል (php) ክፍተት ሳትተዉ ቀጥላችሁ ጨምሩበት።

አፓቼ አልነሳም ይላል

ብዙ ጊዜ ፖርት 80ን (አፓቼ የሚጠቀምበትን የግንኙነት በር) ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። የዛምፕ መቆጣጠሪያ ላይ ኔትስታት የሚለውን ስትጫኑ ማን እንደያዘው ታያላችሁ። ያን ፕሮግራም ዝጉ። ካልሆነ ከአፓቼ ጎን ባለው ኮንፊግ ገብታችሁ ሊስን 80 የሚለውን 8080 አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ አድራሻው ላይ ከሎካልሆስት ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:) እና 8080 መጻፍ አትርሱ።

ኮዱ ከመጽሐፉ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ግን ስህተት ይላል

አንድ አይደለም። ከፒዲኤፍ ኮፒ ስታደርጉ ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ጎበጥ ብሎ ይመጣል። ለዓይን ያው ነው፣ ለፒኤችፒ ግን ጥቅስ አይደለም። አንዳንዴ የመስመር ቁጥሮቹም አብረው ይገለበጣሉ። የአማርኛ ኪቦርድ ሳትቀይሩ ጽፋችሁ ከሆነ ደግሞ ; መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ፤ ተቀምጦ ይሆናል፤ ይህኛው ሰው ያስለቅሳል፣ ምክንያቱም ሲያዩት ትክክል ይመስላል።

መፍትሄው ኮዱን በእጅ መጻፍ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ጣት የሚለምደው እንደዚያ ነው። የስህተት መልእክቱ «መስመር 12» ካላችሁም 12 ላይ አትድረቁ፤ የተረሳችው ; ብዙ ጊዜ ያለችው 11 ላይ ነው።

«እንዲህ የሚባል ፈንክሽን የለም» ይላል

የአሮጌ መጽሐፍ ዋናው ጣጣ ይህ ነው። ከዳታቤዝ (መረጃ ከሚቀመጥበት ቦታ) ጋር ለመገናኘት «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የሚባለውን ፈንክሽን (ዝግጁ ትእዛዝ) ያስተምራችኋል፤ እሱ ግን በ7 ላይ ተወግዷል። አንዳንዱ ሰው መጽሐፉ እንዲሠራለት ብሎ ፒኤችፒ 5 ፈልጎ ይጭናል። ይህን አታድርጉ፤ የሞተ ነገር ተምራችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ።

በምትኩ ሁለት መንገድ አለ፤ ማይኤስኪውኤልአይ ወይም ፒዲኦ። የፈንክሽኖቹ ስም ላይ «አይ» ጨምሮ ማለፍ የሚቻል ይመስላል፣ ግን የሚሰጣቸው ነገር ቅደም ተከተልም ተቀይሯል። በድሮው ኩዌሪ (ዳታቤዙን መጠየቂያው ፈንክሽን) ጥያቄው ይቀድማል፤ በአዲሱ ግንኙነቱ ይቀድማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያንን የዳታቤዝ ምዕራፍ ዝለሉና ፒዲኦን ከፒኤችፒ ማንዋል ተማሩ። ማንዋሉ በነፃ ይወርዳል፣ ኔት ሲጠፋም ይነበባል።

በጣም ያረጀ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ፎርም ላይ የተሞላው ስም ራሱን ችሎ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ሆኖ ይመጣል። አሁን ፖስት ከሚባለው አሬይ (የዋጋዎች ዝርዝር) ውስጥ ማውጣት አለባችሁ፤ አለበለዚያ «ያልታወቀ ቫሪያብል» ይላችኋል።

ስህተት ሳያሳይ የሚያሳስተውም አለ። መጽሐፉ ፓስወርድን በኤምዲ5 (በድሮ ፓስወርድ መሸፈኛ ዘዴ) አስቀምጡ ካለ ኮዱ ዛሬም ይሠራል፣ ፓስወርዱ ግን በቀላሉ ይሰበራል። ፓስወርድ ሃሽ የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ።

አማርኛው ???? ሆነ

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጀማሪ መጽሐፍ ይህን እምብዛም አያነሳውም፣ ደራሲው አይገጥመውማ። ጥያቄ ምልክት ካያችሁ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ ነው የጠፋው። ሠንጠረዡንም ግንኙነቱንም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደል አመዘጋገብ) አድርጉ። የጠፋው አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ ነው። በጥያቄ ምልክት ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ካያችሁ ግን ጽሑፉ ደህና ሊሆን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ ገጹ አናት ላይ ዩቲኤፍ 8 ተብሎ መገለጹን አረጋግጡ።

ሌላም አለ። «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብላችሁ ስትርሌን የሚባለውን ፈንክሽን ብትጠይቁት 9 ይላችኋል። የሚቆጥረው ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። 3 የሚላችሁ ኤምቢ ስትርሌን ነው። ጽሑፍ ስትቆርጡም እንዲሁ በ«ኤምቢ» የሚጀምረውን ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ፊደሉ መሃል ላይ ይቆረጣል።

ሳነበው ይገባኛል፣ ባዶ ፋይል ስከፍት ግን እጄ ይታሰራል

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ምሳሌ ውሳኔው ሁሉ ያለቀለት ነው። እናንተ የምታዩት ውጤቱን እንጂ ደራሲው ለምን እንዲያ እንዳደረገ አይደለም። መጽሐፉ ምሳሌ ያደረገውን የሙዚቃ ሱቅ ወይም ሌላ ተዉትና የምታውቁትን ነገር ሥሩ፤ ለምሳሌ የእቁብ መዝገብ። መጀመሪያ ያለ ዳታቤዝ፣ የአባላቱን ስም አሬይ ውስጥ አስቀምጡና በሉፕ (በድግግሞሽ) አሳዩ። ቀጥሎ ማን እንደከፈለ የሚለይ ኢፍ («ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ) ጨምሩ። ከዚያ ፎርም፣ ዳታቤዙ መጨረሻ ላይ።

ዕጣ ለማውጣት አሬይ ራንድ የሚባል ፈንክሽን አለላችሁ። የሚሰጣችሁ ግን ስሙን ሳይሆን ስሙ የተቀመጠበትን ቁጥር ነው፤ ስክሪኑ ላይ በሰው ስም ፈንታ 4 ቢወጣ ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ አባል ሁለቴ ከደረሰው ደግሞ የደረሳቸውን ከአሬዩ በአንሴት (በማጥፊያው ትእዛዝ) ማውጣት ረስታችኋል።