ስፕላቱን 3፦ ኪለር ዌልን እንዴት እንጠቀም?

ቡድኖች በቀለም በሚዋጉበት የኒንቴንዶ ጌም በስፕላቱን 3፣ ኪለር ዌል 5.1 የሚባለውን ስፔሻል (ሲሞላ የሚለቀቅ ልዩ ጥቃት) ለቅቆ «ማንንም አልገደለልኝም» ብሎ የሚበሳጭ ተጫዋች ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ብቻውን ብዙም አይገድልም። ጠላትን ከያዘው ቦታ ያስነሳል፤ የመጨረስ ሥራው የእናንተ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ዊ ዩ በሚባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል የወጣውን የመጀመሪያውን ስፕላቱን የተጫወተ ሰው የድሮውን ልማድ ይርሳ። ያኔ አንድ ግዙፍ ሜጋፎን (የድምፅ ማጉያ) ነበር፤ አነጣጥረህ ትተክለዋለህ፣ ከዚያ በዚያው አቅጣጫ ይጮሃል፣ አለቀ። የአሁኑ ስድስት ሜጋፎን ነው፣ አየር ላይ እየተንሳፈፉ ይከተሏችኋል።

መጀመሪያ መሣሪያ ምረጡ። ስፔሻል ለብቻው አይመረጥም፣ ከዋናው መሣሪያ ጋር ነው የሚመጣው። .52 ጋል የሚባለው ጠመንጃ ኪለር ዌል አለው፣ ትራይ-ስትሪንገር የሚባለው ቀስትም አለው። ለጀማሪ .52 ጋልን እመርጣለሁ፤ ሁለቴ ከመታ ይገድላልና ደንግጦ የሚሮጥ ጠላት አያመልጠውም።

ከዚያ መሬቱን ቀለም ቀቡ፣ ስፔሻሉ የሚሞላው በዚህ ነው። ከሞላ በኋላ ግን ዘው ብላችሁ አትግቡ። ከሞታችሁ ከሞላው ይቀነስባችኋል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ስክሪኑ አናት ላይ ያሉትን ምልክቶች እዩ። ከአራቱ ጠላቶች አብዛኞቹ ሞተው ከሆነ ማን ላይ ልትጮሁበት ነው? ቆዩ። ሲመለሱ ይደርሳል።

ጊዜው ሲደርስ የቀኙን ስቲክ ወደ ውስጥ ተጫኑ። ትልቅ ክብ ይመጣል። ክቡ ውስጥ የገባ ጠላት፣ ግድግዳ ጀርባ ቢሆንም፣ ይያዛል፤ ወዲያው የድምፅ ጨረር ይለቀቅበታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ አራቱንም ልያዝ ብለው ካሜራውን ያዞራሉ። ስድስቱ ሜጋፎኖች በተያዙት ሰዎች መካከል ስለሚከፋፈሉ፣ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰውና ሁሉም ያመልጣል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል። በተለይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ቻርጀር (ከሩቅ የሚመታ ጠመንጃ) የሚያነጣጥረውን ያዙት፤ ሲያነጣጥር ብዙም ስለማይንቀሳቀስ በጣም ይጎዳዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ጨረሩን ቆማችሁ አትዩት! ሜጋፎኖቹ እየሠሩ እናንተ መተኮስ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ጠላት የሚሸሽበትን ገምታችሁ እዚያ ጠብቁት፣ ወይም ለቅቆት የሄደውን ቦታ ግቡና ቀለም ቀቡበት። ታወር ኮንትሮል (ተንቀሳቃሽ ታወር ላይ ወጥቶ ወደ ጠላት ሰፈር የሚወሰድበት ጨዋታ) ላይ ይሄ በጣም ያዋጣል፣ ምክንያቱም ታወሩ ላይ ያለው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ቆሞ መጎዳት ወይም መውረድ። ከወረደ ታወሩ የናንተ ነው። ስፕላት ዞንስ (የተወሰነ ዞን በቀለም ይዞ የሚቆይበት ጨዋታ) ላይም ዞኑን ከሚጠብቀው ሰው ነው የሚጀመረው። ተርፍ ዎር (ብዙ መሬት የቀባው የሚያሸንፍበት ጨዋታ) ላይ ግን ያን ያህል አይታየኝም፤ የቆመ ሰው ጥቂት ነው።

በእናንተ ላይ ከተለቀቀ ደግሞ አትቁሙ። ጨረሩ ከሚንቀሳቀስ ሰው ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፣ ስለዚህ ወደ ስኩዊድ (የባሕር እንስሳ) መልክ ተለውጣችሁ በራሳችሁ ቀለም ውስጥ ወደ ጎን ዋኙ። ወደ ጓደኞቻችሁ ግን አትሩጡ፣ ጨረሩ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይመታል።