የቡና ማሽን ለኤግዚቢሽን ስታቀርቡ

ከዲዛይኑ በፊት መብራቱን ጠይቁ። ብዙ ሰው ባነር አሳትሞ፣ ምንጣፍ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ሶኬት ትዝ የሚለው። ባለ ሁለት ራስ የኤስፕሬሶ ማሽን ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሊወስድ ይችላል፤ በ220 ቮልት ባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚችለው ደግሞ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። መፍጫና ፍሪጅ ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወርዳል። እኔ ደርሶብኛል፤ ጎብኚው ስኒ ይዞ ቆሞ፣ ወተቱ እየሞቀ፣ ድርግም! ስለዚህ የሁሉንም ዋት ደምሩና ለአዘጋጁ ቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡ።

ውሃም እንደዚያው ነው። ቧንቧ ከሌለ ጀሪካንና ትንሽ ፓምፕ፣ ለፍሳሹ ሌላ ጀሪካን ከጠረጴዛው ስር። ጠረጴዛው ጠንካራ ይሁን፣ ማሽኑ ከ60 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

3 በ3 ሜትር ቦታ ላይ ያላችሁን ሁሉ አትደርድሩ፣ መጋዘን ይመስላል። ጠረጴዛውንም መተላለፊያው ላይ እንደ አጥር አትገትሩት፤ ሰው ገብቶ እጀታውን ይዞ ራሱ ቡና ይቅዳ።

እኔ የምወደው ዘዴ ይኼ ነው፦ ሶኬት ላይ ያልተሰካ አንድ ማሽን ጎኑን ከፍታችሁ ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ቦይለሩ (ውሃ ማፍያው ጋን) ሲታይ ባለ ካፌው ይቆማል፣ ከዚያ ስለ ውበቱ ሳይሆን «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) የት ይገኛል?» ነው የሚላችሁ። መለዋወጫውን አጠገቡ ዘርግታችሁ ዋጋውን ለጥፉበት፣ ቴክኒሻናችሁም እዚያው ይቁም።

መቁያ ካላችሁ አዳራሽ ውስጥ አታስነሱት። ጭሱ ጎረቤት ያጣላል፤ የተቆላውን አምጥታችሁ እዚያው ፍጩ፣ ሽታው ራሱ ሰው ይጠራል።