የድሮ ሶልና ፈንክ ሸክላ ስትሰበስቡ የማትሰሯቸው ስህተቶች (እኔ ሁሉንም ሰርቻቸዋለሁ)

ሶልና ፈንክ የሚባለውን የድሮ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በሸክላ መሰብሰብ የጀመርኩት ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ያውም ሳላስበው። አንድ ቅዳሜ ቸርች ግቢ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ 45 በ10 ዶላር አነሳሁ፣ 45 ማለት ያቺ ትንሿ መሃሏ ሰፊ ቀዳዳ ያላት በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረዋ ሸክላ ነች፣ ከዛች ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ እግሯን የምታሳርፍበት አጥታለች። እስካሁን ያጠፋሁትን ብር ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፣ ስለዚህ ብሩን ትቼ ስህተቶቹን ልንገራችሁ።

1. የፊቷን ሰምቶ ማስቀመጥ

በዛች ካርቶን ውስጥ ዘ ዊንስተንስ የሚባል እዚሁ ዲሲ የነበረ ባንድ የ1969 ሸክላ ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ስለ እንጀራ አባት የሚዘፈን ዘፈን ነው፣ በጊዜው ትልቅ ሂት ሆኖ ግራሚም አግኝቷል። ሰማሁት፣ ሆዴ ባባ፣ መልሼ ካርቶኗ ውስጥ ከተትኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ እዛው ተቀመጠች። ከዛ አንድ ዲጄ የሚሰራ የሰፈር ልጅ ቤት መጥቶ ካርቶኗን ሲያገላብጥ ድንገት ቀጥ አለና "ጋሼ፣ ይቺ እርስዎ ጋ ምን ትሰራለች?" አለኝ። ገልብጦ ጀርባዋን አጫወተው። "አሜን ብራዘር" ይባላል፣ ዘፋኝ የለውም፣ መሃል ላይ ሁሉም ዝም ይልና 7 ሰከንድ ገደማ ከበሮው ብቻውን ይቀራል። በቃ ያቺ 7 ሰከንድ ነች፣ ሂፕሆፑም፣ ጀንግልና ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባሉት የእንግሊዞቹ የዳንስ ሙዚቃዎችም እሷን እየቆራረጡ ነው የኖሩት። ከበሮውን የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ግን ሳንቲም ሳያገኝባት ሞተ፣ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያናድደኛል።

የጄምስ ብራውን "ፈንኪ ድራመር"ም እንደዛው ነው፣ በ1970 ሲወጣ ለሁለት ተከፍሎ ፓርት 1 ፊቷ ላይ ፓርት 2 ጀርባዋ ላይ ነው የታተመው፣ ዓለም የተረባረበበት የክላይድ ስተብልፊልድ ከበሮ ያለው ደሞ ፓርት 2 ላይ ነው። ፊቷ ለሬድዮ የተመረጠች ነች፣ ጀርባዋ ላይ ግን ሙዚቀኞቹ ደስ ያላቸውን የተጫወቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ገልብጡ አቦ!

2. ብርቅና ውድ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ

ፍራንክ ዊልሰን የሚባል ሰው በ1965 ሞታውን ለሚባለው የዲትሮይት ሙዚቃ አሳታሚ የቀዳው ሲንግል፣ ማለትም 45፣ አለ፣ ገበያ ሳይወጣ ቀርቶ የተረፉት ኦሪጅናሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2009 አንዷ ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠች። ዘፈኑ ደስ ይላል፣ አልዋሽም፣ ግን ያው ዘፈን በ1979 እንግሊዝ ውስጥ በድጋሚ ታትሟል፣ ያቺን ደሞ ማንም ደሞዝተኛ ይገዛታል። በተቃራኒው ያቺ የዊንስተንስ ሸክላ ሂት ስለነበረች በየቦታው ሞልታለች፣ ዋጋዋም የምሳ ዋጋ ነው። ጆሮ ይቅደም፣ ዋጋ ይከተል። ኦንላይን ስትገዙም ሻጩ የለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላ መገበያያ ድረገጽ ላይ ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ እዩ፣ መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል።

3. "ጉድ" የተባለ ሸክላ ጥሩ መስሎ መግዛት

ይሄ የኔ ትልቁ ሞኝነት ነው። ቪጂ ፕላስ፣ ቪጂ (ቬሪ ጉድ)፣ ጂ እያሉ ደረጃ ይሰጡታል፣ እኔ ደሞ ጂ ማለት ጉድ ነው፣ ጉድ ማለት ጥሩ ነው ብዬ አንዷን አዘዝኩ። ስትመጣ እንደ ፈንዲሻ ትንጣጣለች፣ ዘፋኙ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር ዝናብ እየዘነበበት የሚዘፍን ነው የሚመስለው። ጂ ማለት የተጎዳ ማለት ነው፣ ቪጂም ራሱ ጫጫታ አለው። ለመስማት የምትገዙ ከሆነ ከቪጂ ፕላስ አትውረዱ፣ ሻጩንም "አጫውተህ ሰምተኸዋል ወይስ በዓይንህ አይተህ ነው ደረጃ የሰጠኸው?" ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ መርፌ ሲያርፍበት ያለቅሳል።

4. ሸክላዋን ራሷን አለማንበብ

ሙዚቃው አልቆ ሌብሉ፣ መሃሏ ላይ ያለው ስም የተጻፈበት ክብ ወረቀት፣ ጋ እስኪደርስ አንዲት ባዶ ቀለበት አለች አይደል? የስልካችሁን መብራት በጎን አብሩባትና ሸክላዋን አዘንብሉ። ቁጥር ተጭሮ ታያላችሁ፣ አንዳንዴ አጠገቡ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ሌላ ቁጥር ይኖራል፣ ይሄ ሎስ አንጀለስ ሞናርክ የሚባለው ማተሚያ ቤት የወጣች ነች ማለት ነው። እንግሊዞቹ በ70ዎቹ በሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ይሄን ሙዚቃ ሲያብዱለት ኦሪጅናሉ ስላልበቃ ብዙ ኮፒ በድብቅ ታትሟል፣ እስከዛሬ እንደ ኦሪጅናል እየተሸጠ ያለው ብዙ ነው። ኮፒው ሌብሉ ላይ ያለው ጽሁፍ ከኦሪጅናሉ ፎቶ ተነስቶ ስለሚሰራ ደብዘዝ ይላል፣ የተጫረው ቁጥርም አይመሳሰልም።

ሌላው ምልክት ዕቃው ነው። የአሜሪካ 45ዎች ብዙዎቹ ቪኒል ሳይሆኑ ስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ናቸው፣ ቀለል ይላሉ፣ አይታጠፉም፣ በጥፍር ስትነኳቸው ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ሌብሉም በሙጫ የተለጠፈ ነው። ኦሪጅናሏ የታተመችው በስታይሪን ብቻ ከሆነና እጃችሁ ላይ ያለችው ቪኒል ከሆነች ጠርጥሩ (አንዳንዱ ዘፈን ግን በሁለቱም ታትሟል፣ ስለዚህ ቶሎ ሰው ላይ አትጩሁ)። ስታይሪን ደሞ ቶሎ ይበላል፣ ከባድ መርፌ ያለው አሮጌ ማጫወቻ ላይ አታድርጓት፣ ዲጄ ወደፊት ወደኋላ ያመላለሳት ከሆነማ መጀመሪያዋ ላይ ሽሽሽ የምትል ቃጠሎ አላት።

5. ባገኙት ነገር ማጠብ

78 የምትባለዋ ትልቋና ቀደምቷ ሸክላ ከሸላክ ነው የምትሰራው፣ አልኮል ያሟሟታል። እንዴት አወቅክ አትበሉኝ። ስታይሪንም ላይ ኬሚካል አልሞክርም፣ ለስላሳ ጨርቅና ውሃ፣ ሌብሉን ሳትነኩ። ደሞ በበጋ መኪና ውስጥ አትርሷት፣ ከርሞ እንደ ድስት ክዳን ጎብጣ ነው የምታገኟት። ስታስቀምጡም አቁሟት እንጂ አትደራርቧት።

6. የራስን ቤት ሳያዩ ውጪ ውጪ ማየት

እኛ ሰፈር ፈንክ ሲባል ሰው ሜምፊስና ዲትሮይት ነው የሚያየው። ግን ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያወጣቸው 45ዎች ዛሬ ጃፓንና ፈረንሳይ ያሉ ሰብሳቢዎች የሚጣሉባቸው ናቸው፣ እነ ዓለማየሁ እሸቴ ጄምስ ብራውንን በልተው ጠጥተው አድገው በአማርኛ የመለሱበት ማለት ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በ1972 ኒውዮርክ ያወጣው ኤልፒ (ሙሉ አልበም የያዘች ትልቅ ሸክላ) አለ፣ ኦሪጅናሉ ከኔ አቅም በላይ ስለሆነ በ2017 በድጋሚ የታተመው ነው ያለኝ።

ይሄን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ደወልኩ፣ ቡፌው ውስጥ የነበሩት እነዛ ሸክላዎች አሉ ወይ ብዬ። "የትኞቹ? እነዛ ጥቋቁሮቹ?" አሉኝ እትዬ፣ "አንዷ አለች ልጄ፣ የአበባ ማስቀመጫው ስር አድርጌያት ነበር፣ ውሃ እንዳይነካው ብዬ።" የትኛዋ እንደሆነች አንስተው እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ሌብሉ በውሃ ተልጦ ሄዷል አሉ።

ባዶዋ ቀለበት ላይ የተጫረ ቁጥር አለ ወይ አልኳቸው። መነጽራቸውን ሊፈልጉ ሄደው ካርዴ አለቀ።