ሌሊት የተሸማቀቀ ባት እንዴት ይፍታታል?

ሌሊት ባት ድንገት እንደ ድንጋይ ሲጠጥርና ጣቶች ወደ ታች ሲታጠፉ፣ ያ የጡንቻ መሸማቀቅ ነው። ብዙ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ባቱን ጨምቆ ይይዛል። አያዋጣም። ትልቁ የባት ጡንቻ የሚነሳው ከጉልበት በላይ ስለሆነ፣ ጉልበት እስከታጠፈ ድረስ በደንብ አይሳሳብም።

ተቀምጠው ጉልበትዎን ቀጥ ያድርጉ። ነጠላ ወይም ፎጣ በቁመቱ አጥፈው በውስጥ እግርዎ በኩል፣ ከጣቶቹ ሥር ባለው ወፍራም ቦታ ላይ ያሳልፉት። ጣቶቹ ላይ ብቻ ካረፈ የሚታጠፉት ጣቶቹ ናቸው፤ ተረከዝ ላይ ካረፈ ደግሞ ባቱን አይስበውም። ሁለቱን ጫፎች ይዘው ወደ ራስዎ ቀስ እያሉ ይሳቡ። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ አይልቀቁ፣ ግን አይመንጭቁም፤ የተሸማቀቀ ጡንቻ ሲመነጨቅ ሊጎዳ ይችላል። 30 ሰከንድ ያህል ይዘው ቀስ ብለው ያላሉ። ከተመለሰ ይድገሙት።

ከማሸትዎ በፊት መብራት አብርተው ሁለቱን ባቶች ያስተያዩ። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ የቆዳው ቀለም ከተለወጠ ወይም ሕመሙ በመሳብ ካልተፈታ፣ በተለይ ከረጅም ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከወሊድ በኋላ ከሆነ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። አይሹት፤ ሳይነጋ ሐኪም ቤት ይሂዱ። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ግን በእጅ ማሸትና በሞቀ ፎጣ መሸፈን ያሳርፋል። በማግስቱ ባቱ ቢያምዎ አያስደንግጥዎ።

እንዳይደጋገም ከመኝታ በፊት ፊትዎን ወደ ግድግዳ አድርገው ይቁሙ፣ አንድ እግር ወደ ኋላ ያስረዝሙ፣ ጉልበቱ ቀጥ፣ ተረከዙ መሬት ላይ ይሁን። ለየእግሩ 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። ተረከዙ ብድግ ካለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ውጤቱን ለመፍረድ 6 ሳምንት ይስጡት። ብርድ ልብሱን ከፍራሹ ሥር አይጠቅጥቁት፤ ጣቶችን ወደ ታች ይጫናል።

ሙዝ በሌሊት አያድንም፤ ተፈጭቶ ደም እስኪገባ ሽምቅቅታው በራሱ አልፏል። ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ቀድሞ ለዚህ ይታዘዝ ነበር፤ የልብን ምት ሊያዛባና የደም ሕዋሳትን ሊጎዳ ስለሚችል በራስዎ አይውሰዱት። የሽንት ማሸኛ ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ከበረታብዎት፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ላዘዘው ሐኪም ይንገሩ። ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።