ፒክአፕ ከፍ ሲደረግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ሳንቲሜትር ይነሳልኝ?" ብሎ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ድንጋዩ የቱን እየመታ እንደሆነ ነው። የሚመታው የኋላ ዲፈረንሻሉ (በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው የጥርስ ቤት) ከሆነ ሞላና ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች ያሉት ሞላ) መቀየር ምንም አይፈይድም። ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ስለሆነ ከፍ የሚለው በትልቅ ጎማ ብቻ ነው። እሱም በግማሹ፦ የጎማው ዲያሜትር 5 ሳ.ሜ. ቢጨምር ከሥር የሚገኘው 2.5 ሳ.ሜ. ነው።

ሌላው ስህተት አለልክ ማንሳት ነው። የፊት እግሮቹ ለየብቻ ለሚጫወቱ ፒክአፖች 5 ሳ.ሜ. ገደማ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ የፊት አክስሎቹ (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) በጣም ያዘነብላሉ። የላስቲክ ሽፋናቸው ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይረጫል፣ አቧራ ይገባል። ከዚያ በየመታጠፊያው ቀጭ ቀጭ ይጀምራል። ከፍ ያለ መኪና ኩርባ ላይ ለመገልበጥም ይቀርባል።

ከኋላ ደግሞ ባሌስትራው ሥር ብሎክ (ከፍ ማድረጊያ ብረት) በብሎክ ላይ መደርደር አለ። በፍጹም አታድርጉት። ነዳጅ ሲረገጥ አክስሉ ባሌስትራውን ይጠመዝዘዋል፤ ብሎኩም ሊያፈተልክ ይችላል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረውን አሮጌ ዩ ቡሎን መልሶ ማሰርም ያው ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ግን ፍሬኑን ነው። በርካታ ፒክአፖች ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አካል) ወደ ኋላ አክስል የሚወርድ ቀጭን ዘንግ ያለው የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ፍሬን ይለቃል። ኋላውን ከፍ ስታደርጉት ቫልቩ ይታለላል፤ ሙሉ ጭነት ይዛችሁም መኪናው ባዶ ይመስለዋል። የኋላው ፍሬን ይደክማል። ስለዚህ መኪናው ሲነሳ የዘንጉ ማሰሪያም በተጨመረው ከፍታ ልክ ይስተካከል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል መወጠር የለባቸውም። የሾኩ (የንዝረት መቀነሻው) ቁመትም እንዲሁ፦ የድሮው አጭር ሾክ ካልተቀየረ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሾኩ ቀድሞ ያልቅና ይመታል።

መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ የቦኮላ (በእግሩ መጋጠሚያዎች ያለው ላስቲክ) ቡሎኖችን አታጥብቁ። መሬት ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይበላል። በጎማው ከቆመ በኋላ ይጥበቅ፤ ከ500 ኪ.ሜ. ገደማ በኋላም ይደገም።

አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) ሳያሠሩ መንዳት ጎማ መጨረስ ነው። የፊት መብራቱንም ዝቅ አድርጉት፤ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ከ76 ወደ 81 ሳ.ሜ. ጎማ የቀየረ ደግሞ ፍጥነት ማሳያው 100 ሲል 107 አካባቢ እየነዳ ነው።