የጥንት የድንጋይ ቁልል መቃብር እንዴት ይነበባል?

እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሺር ውስጥ፣ ሄዝልተን ኖርዝ የሚባል የድንጋይ ቁልል ነበር። የቆመው እርሻ መሃል ነው። ማረሻ በየዓመቱ ይሸራርፈው ነበር። ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት አለን ሳቪል የተባለ አርኪዮሎጂስት ከ1979 እስከ 1982 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከነቡድኑ ሙሉ በሙሉ ቆፈረው። ዛሬ ቁልሉ የለም። ነገር ግን የእያንዳንዱ አጥንት ቦታ ተመዝግቦ ስለቀረ፣ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገኘበት። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እንዲህ ያሉ መቃብሮች በአየርላንድና በብሪታንያ ብዙ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ የድንጋይ ክምር ናቸው፤ ውስጣቸው ግን መተላለፊያና ክፍል አለው። የሠሯቸው ሰዎች ብረት አያውቁም፣ ጽሕፈትም የላቸውም። የሚነበበው ድንጋዩና አጥንቱ ብቻ ነው። ለማንበብም ተራ አለው።

1. ከሩቅ ጀምሩ

ሮጣችሁ በሩ ጋ አትሂዱ። መጀመሪያ ዙሩት። ክብ ነው ወይስ ረጅም? የአየርላንዱ ኒውግሬንጅ ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 85 ሜትር ገደማ ይሆናል። የግሎስተርሺሮቹ ደግሞ ረጃጅም ናቸው። አንዱ ጫፋቸው ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ከዚያ ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ መሬት ፈልጉ። ያን ሁሉ ድንጋይ ከየት አመጡት? ሄዝልተን ላይ መልሱ ቅርብ ነበር፤ ከቁልሉ ግራና ቀኝ ድንጋዩ የተፈለጠበት ጉድጓድ ተገኝቷል።

2. ካቡን በእጃችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ዳስሱ

የእርከን ካብ እያየ ያደገ ሰው እዚህ ጋ ይቀናዋል። በዚያው ግሎስተርሺር ቤላስ ናፕ የሚባል ቁልል አለ፤ ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል። በሰሜን ጫፉ ሁለት ግድግዳዎች እንደ ቀንድ ወደ ፊት ታጥፈው ወጥተዋል። ቀጫጭን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ያለ ጭቃ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተክበዋል። በመካከላቸው በር አለ። ግራና ቀኙ የቆመ ድንጋይ ነው፣ ላዩ ጉበን አለው፣ መሃሉ በትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተዘግቷል። ድንጋዩ ቢነሳ ግን ከኋላው ክፍል የለም። በሩ የውሸት ነው። እውነተኞቹ ክፍሎች በጎን በኩል፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባቸው ናቸው። ለምን የውሸት በር እንደሠሩ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ምክንያቱን ከመገመት በፊት የካቡን ጥራት ማየት ይቀድማል ባይ ነኝ። ይህን ያህል የተጨነቁበት ቦታ ሰው ተሰብስቦ የሚቆምበት ደጅ መሆን አለበት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የምታዩት ሁሉ የጥንቱ አይደለም። ቤላስ ናፕ ተጠግኗል። የኒውግሬንጅ ነጭ የፊት ግድግዳም ከቁፋሮው በኋላ በኮንክሪት ተደግፎ እንደገና የቆመ ነው፤ ጥንት እንዲህ አልነበረም የሚሉ አርኪዮሎጂስቶች አሉ። ስለዚህ ከማድነቃችሁ በፊት የቱ እንደተጠገነ ጠይቁ።

3. አቅጣጫውን ለኩ

ኮምፓስ ያዙ። ኒውግሬንጅን የቆፈሩት ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ታኅሣሥ 21 ቀን 1967 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ገና ሳይነጋ ውስጥ ገብተው ጠበቁ። ፀሐይ ስትወጣ ከበሩ በላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ጨረር ገባና 19 ሜትሩን መተላለፊያ አልፎ ክፍሉ ድረስ ደረሰ። ቀኑ የዓመቱ አጭር ቀን ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉንም መቃብር ከፀሐይ ጋር ማገናኘት ይወዳል። አትቸኩሉ። የሄዝልተን አንዱ መግቢያ በሰሜን በኩል ነበር፤ በዚያ አገር ደግሞ የታኅሣሥ ፀሐይ በሰሜን በኩል አትመጣም።

4. ድንጋይ አታንሱ

ከሁሉ የከበደው ደረጃ ይኼ ነው። በሙያው ሕግ ማንኛውም ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፣ ይሳላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይወጣል። አንዴ ከተዛባ ግን መመለሻ የለውም።

እኛም አገር ይህ ጉዳይ ይመለከተናል። በሐረርጌ፣ በጨርጨር ተራሮች ዶልመን የሚባሉ የጥንት የድንጋይ መቃብሮች አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። ያለ ፈቃድ መቆፈር በሕግ የተከለከለ ነው። ወርቅ አለ ተብሎ በሌሊት የሚቆፈር መቃብር ያሳዝነኛል። የሚጠፋው ከወርቅ የሚበልጥ ነው።

5. አጥንቱ እንዴት እንደተኛ እዩ

ክፍሉ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚታየው የተደበላለቀ አጥንት ነው። ድሮ ይህን ያዩ ሰዎች “ተዘርፏል” ብለው ያልፉት ነበር። እናንተ ግን ትንንሾቹን አጥንቶች ፈልጉ። የእጅና የእግር ጣት አጥንቶች ካሉ አስከሬኑ ሥጋው ሳይፈርስ፣ እዚያው ገብቷል ማለት ነው። የራስ ቅልና የጭን አጥንት ብቻ ከሆነ ግን ከሌላ ቦታ ተለቅሞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹን እዩ። ጉልበቱ እንደተያያዘ ነው ወይስ ተለያይቷል? አዲስ ሟች ሲገባ የቀድሞው ወደ ዳር ይገፋል። የመጨረሻውን ግን የሚገፋው የለም።

ሄዝልተን ላይ የሰሜኑ መተላለፊያ ተደርምሶ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መግቢያው ላይ አንድ ሰው ተቀበረ። አጥንቱ ሙሉ ነው፣ ማንም አልነካውም። አጠገቡ የባልጩት ድንጋይና ባልጩቱ የሚፈለጥበት መዶሻ ድንጋይ ተገኝቷል። መሣሪያ ሠሪ ሳይሆን አይቀርም።

ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ ሁሉንም አጥንት አትቁጠሩ። አንድ ዓይነት አጥንት፣ አንድ ጎን ብቻ ቁጠሩ። 20 የግራ ጭን አጥንት ካለ፣ ቢያንስ 20 ሰው አለ።

6. ከቁልሉ ሥር ያለውን አፈር አትዝለሉ

ብዙዎች አጥንቱ ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ቁልሉ ግን ሥሩ ያለውን የጥንት መሬት እንደ ክዳን ሸፍኖ አቆይቶታል። ሄዝልተን ሥር የምድጃ ቦታ፣ የእንስሳት አጥንት፣ የተቃጠለ እህልና የለውዝ ዓይነት ፍሬ ቅርፊት ተገኝቷል። መቃብር ከመሆኑ በፊት ሰው የበላበት ቦታ ነበር።

7. ዘር ቁጠሩ

እኛ ዘንድ ሊጋቡ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ካሉ ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ተመራማሪዎች በሄዝልተን አጥንትና ጥርስ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በዲኤንኤ። ውጤቱ በ2021 መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ኔቸር በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ከተመረመሩት 35 ሰዎች 27ቱ የአንድ ቤተሰብ፣ የአምስት ትውልድ ሰዎች ናቸው። የኖሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3700 እስከ 3600 ባለው ጊዜ ነው። ዘሩ የሚነሳው ከአንድ ወንድና ልጆች ከወለዱለት አራት ሴቶች ነው። የሁለቱ ሴቶች ልጆችና የልጅ ልጆች በደቡቡ ክፍል፣ የሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ በአብዛኛው በሰሜኑ ክፍል ተቀብረዋል። ሁለት ክፍል ያስፈለገው ለዚህ ይመስላል፤ ካቡ የተካበው በእናት ተከፋፍሎ ሳይሆን አይቀርም። የእንጀራ ልጆችም አሉበት። አባታቸው ሌላ ነው፣ እናታቸው ግን ከዚህ ቤት ሰው ልጅ ወልዳለች። አልተለዩም፣ አብረው ተቀብረዋል።

የዚህ ዘር ሴቶች ልጆች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም በልጅነታቸው የሞቱ። አድገው ለአቅመ ሔዋን የደረሱት አንዳቸውም የሉም። ምናልባት ከባሎቻቸው ወገን ጋር፣ ሌላ ቁልል ውስጥ ተኝተዋል።