ሐዋሳ ላይ የራስዎን ጽጌረዳ ማዳቀል

በሐዋሳ ግቢው ውስጥ ጽጌረዳ የተከለ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጦ ይተክልና ያንኑ የጎረቤቱን ቀይ መልሶ ያገኛል። ከዘር አዲስ ጽጌረዳ ማውጣት የትልልቅ የአበባ እርሻዎች ሥራ ብቻ ይመስለናል። ማዳቀሉ ግን ወረንጦ፣ ትንሽ ብሩሽና ትዕግሥት ካለ በማንኛውም በረንዳ ላይ ይሠራል። ችግር ያለው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የጽጌረዳ ዘር የብርድ ወራት ካላለፉበት በደንብ አይበቅልም፣ ሐዋሳ ደግሞ እንዲህ ያለ ብርድ የላትም። ስለዚህ ብርዱን ከማቀዝቀዣ እንበደራለን።

ለሥራው ኅዳር ተስማሚ ነው። ዝናቡ ስለሚያቆም የአበባው ብናኝ አይረጥብም። ፍሬው ለመብሰል አራት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በኅዳር የተዳቀለው እስከ መጋቢት ይደርሳል ማለት ነው።

እናትና አባት መምረጥ

እናት የሚሆነው ተክል ፍሬ የሚይዝ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ የጠወለገ አበባ ሳይቆርጡ ይተዉለት። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ እብጠት እየወፈረ ከሄደ ተክሉ ፍሬያማ ነው። ቀጋ ለቅሞ የበላ ሰው ፍሬውን ሲያይ ይለየዋል፤ ቀጋ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነውና። ለአባትነት ብናኙ በደንብ የሚታይ አበባ ይበቃል። ቅጠሉ እጅግ የተደራረበ አበባ ለዚህ አይመችም፤ ወንዴው ክፍል ወደ ቅጠልነት ስለሚለወጥ ብናኙ ጥቂት ነው።

ሰው ሁሉ በቀለም ይመርጣል። እኔ ጤናን አስቀድማለሁ። በበጋ፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚነሰንስ በሽታ አለ፤ ያ የማይደፍረው ተክል ቀለሙ ደብዛዛ ቢሆንም ጥሩ ወላጅ ነው።

ቀጋን ራሱን ከግቢ ጽጌረዳ ጋር ማዳቀልስ? ሐሳቡ ያጓጓል፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ብዙዎቹ የዱር ጽጌረዳዎች 14 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አብዛኞቹ የግቢ ዝርያዎች 28 አላቸው። ከእንዲህ ዓይነት ጋብቻ የሚወለዱት ብዙ ጊዜ መካን ይሆናሉ።

ማዳቀል

ከአባትየው ይጀምሩ። ገና እየተከፈተ ካለ አበባ ላይ ወንዴዎቹን በመቀስ ቆርጠው ንጹሕ ወረቀት ላይ ያራግፉ። ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አንድ ቀን ሲያድሩ ቢጫ ብናኝ ይለቃሉ።

በዚያው ቀን ጠዋት የእናትየዋን እንቡጥ ያዘጋጁ። ቅጠሎቹ መላላት የጀመሩ፣ ነገር ግን ንብ ያልገባበት እንቡጥ ይፈልጉ። ባለ ቀለሙን ቅጠል በሙሉ ነቅለው ያውጡ፤ ከዚያ ዙሪያውን ያሉትን ወንዴዎች በወረንጦ አንድ በአንድ ያስወግዱ። አንድ እንኳ ቢቀር ተክሉ ከራሱ ጋር ሊዳቀል ይችላል። መሐል ላይ የሚቀረው ሴቴው ክፍል ነው። በትንሽ የወረቀት ከረጢት ሸፍነው ይሰሩት። ፌስታል አይሁን፤ ውስጡ ያልበዋል።

በማግስቱ የሴቴው ጫፍ ሲያጣብቅ ብናኙን በብሩሽ ወይም በጣትዎ ቀብተው መልሰው ይሸፍኑት። በሦስተኛው ቀን ቢደግሙት ይሻላል።

ከዚያ ካርድ ያንጠልጥሉ፦ የእናት ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም፣ ቀን። እናትን ማስቀደም የአዳቃዮች ልማድ ነው። በ1867 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፈረንሳይ የወጣው፣ የዘመናዊ ጽጌረዳ መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረው ላ ፍራንስ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አይታወቅም። እርሳስ ይጠቀሙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በፀሐይ ይጠፋል።

በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ የያዘው ያብጣል፣ ያልያዘው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ብዙ ይወድቃል፤ ስለዚህ በአንድ አበባ አይወሰኑ።

በማቀዝቀዣ ውስጥ

ፍሬው ሲቀላ ወይም ወደ ብርቱካንማ ሲያደላ ይቁረጡት። ከፍለው ዘሩን ያውጡና ሥጋውን በደንብ አጥበው ያስወግዱ። በውስጡ ያለው ጸጉር ቆዳ ያሳክካል፤ ጓንት ያድርጉ።

ዘሩን ረጥቦ በተጨመቀ ሶፍት ጠቅልለው በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያድርጉና ካርዱን አብረው ይክተቱ። ከረጢቱን በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ ላይ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ያቆዩት። 4 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አይጎዳውም፤ በር እየከፈቱ ማየቱ ይብሳል። በየሁለት ሳምንቱ ሻጋታ መኖሩን ይመልከቱና ከታየ ዘሩን አጥበው ሶፍቱን ይቀይሩ። እዚያው ሥር ያወጣ ዘር ከተገኘ ወዲያው ይተከል።

መዝራትና መምረጥ

ከታች የተበሳ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። የአካባቢያችን ቀላል የእሳተ ገሞራ አፈር ውኃ ስለማይቋጥር ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙበት። ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብረው፣ የክረምቱ ዝናብ በማይመታው በረንዳ ላይ ያስቀምጡት። አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ አይሁን፤ ችግኝ ከጥማት ይልቅ በብዙ ውኃ ሥሩ በስብሶ ይሞታል።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጣም። አንዱ በሦስት ሳምንት፣ ሌላው ከወራት በኋላ ብቅ ይላል፤ ጭራሹን የማይወጣውም ብዙ ነው። ዕቃውን ቶሎ አይድፉት። ዓመቱን ሙሉ ከሚያብቡ ወላጆች የተወለደ ችግኝ በተወለደ በሁለትና በሦስት ወር አንዲት ትንሽ አበባ ያሳያል። በእርሷ አይፍረዱ፤ ቀለሟ የሚመጣውን ትነግራለች፣ መጠኗና የቅጠሏ ብዛት ግን ገና ይለወጣል። ቅጠሉ የታመመውን ግን ሳይራሩ ይንቀሉ።

አንድ የወደዱት ከቀረ ከዘር ሊያባዙት አይሞክሩ፤ ልጆቹ እርሱን አይመስሉም። ያበበ ቅርንጫፍ አበባው ከረገፈ በኋላ በእርሳስ ቁመት ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈው፣ ግማሹን አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ይስኩና ጥላ ሥር ያኑሩት። አዲስ ቅጠል አውጥቶ ሲጠነክር ወደ ፀሐይ ቀስ በቀስ ያውጡት።